ዐሥር ኩንታል የተባለው አይጥ

ባለፈው የበዓል ሰሞን ከዘመዶቼ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ምሳው ተበልቶ ቡናው በሚጠጣበት ጊዜ ጨዋታው ስለ ደራ፣ ከዩኒቨርስቲ የወጣ ልጅ አንድ አዲስ ነገር ሳይናገር ቢቀር ነውር ነው ብዬ ስላሰብሁ፣ «በጥንት ዘመን በደቡብ አሜሪካ ዐሥር ኩንታል የሚመዝን አይጥ ይኖር ነበር» አልሁ። የቤቱ እመቤት አማተቡ፤ ልጆቹም ሳቁ። ብዙ ዘመን በእህል መጋዘን ሚዛን ላይ የሠሩት ጋሼ ግን ስኒያቸውን አስቀምጠው፣

«ለመሆኑ ማን መዘነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሊቃውንት ናቸዋ፣ ጋሼ።»

«ሊቃውንቱ አይጡን ከነሕይወቱ አገኙትን?»

«የለም፣ ያገኙት የራስ ቅሉን ብቻ ነው።»

«እንግዲያማ ከሚዛን ላይ የወጣው የራስ ቅሉ ነዋ! ዐሥሩን ኩንታል ከየት አመጣችሁት? አንተ ልጅ፣ እኔ ጆንያ ሳላይ ደረሰኝ ጽፌ አላውቅም።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ነገር ግን ሳቄ ከልብ አልነበረም። ምክንያቱም የተጠየቅሁት ጥያቄ ትክክል ነበረ፤ እኔም መልስ አልነበረኝም። ቁጥሩን አውቃለሁ፤ ቁጥሩ እንዴት እንደ ተገኘ ግን አላውቅም። ስለዚህ በማግሥቱ ነገሩን ከመሠረቱ ማንበብ ጀመርሁ። ከዚያ ያገኘሁትን እነሆ ለአንባቢዎቼ አቀርባለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከወንዝ ዳር ወደ ሳጥን

ኡራጓይ በብራዚልና በአርጀንቲና መካከል የምትገኝ ትንሽ አገር ናት። በስተ ደቡብ በኩል የሚያዋስናት ታላቁ የላ ፕላታ ወንዝ ነው፤ ወንዙ ወደ ባሕር በሚገባበት አካባቢ እጅግ ስለሚሰፋ ለሚያየው ሰው ባሕር እንጂ ወንዝ አይመስልም። በዚህ ውሃ ዳር፣ ሳን ሆሴ በሚባለው አውራጃ፣ ኪዩ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። ውሃው ገደሉን ከሥር እየቦረቦረ ስለሚንደው፣ በሚሊዮን የሚቈጠር ዓመት ተቀብሮ የኖረ ድንጋይ እየተገመሰ ወደ ዳርቻው ይወድቃል።

በ1987 የጥንት አጥንት መፈለግ ሙያው ሳይሆን ፍቅሩ የሆነ አንድ ሰው በዚህ ስፍራ ሲዘዋወር፣ ከወደቀ ትልቅ ድንጋይ ውስጥ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ የራስ ቅል አገኘ። ይህ ሰው ያገኘውን ከቤቱ ግድግዳ ላይ አልሰቀለውም፤ ለነጋዴም አልሸጠውም። ሞንቴቪዴዎ ከተማ ለሚገኘው ለብሔራዊ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሰጠው። የራስ ቅሉም ከሌሎች አያሌ አጥንቶች ጋር ከሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። ሃያ ዓመት ያህልም የሚነካው ሳይኖር ቆየ።

ከዚህ በኋላ የሙዚየሙ ባልደረባ አንድሬስ ሪንደርክኔክት ያንን ሳጥን ከፍተው ያዩት። የሚመለከቱት የራስ ቅል የአይጥ ወገን መሆኑ ከጥርሱ ይታወቃል፤ ርዝመቱ ግን 53 ሳንቲ ሜትር ነበረ። ይህም ማለት ከአንድ ክንድ ይበልጣል። ሪንደርክኔክት ከፊዚክስ ሊቁ ከኤርኔስቶ ብላንኮ ጋር ሆነው አጥንቱን ከመረመሩ በኋላ፣ በ2008 ለንደን በሚታተመው የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ላይ ጥናታቸውን አወጡ። በምድር ላይ ኖረው ከሚታወቁት የአይጥ ወገኖች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ብለው ለዓለም አስታወቁ።

በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የምትሠሩ ወጣቶች ይህንን የሳጥን ነገር ልብ እንድትሉት እለምናለሁ። ሳጥኑ ሃያ ዓመት ተዘግቶ መቆየቱ የሚያሳዝን ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከዚህ የሚበልጠው ነገር፣ ከሃያ ዓመት በኋላም ሲፈለግ መገኘቱ ነው። የተገኘበት ስፍራ ያልተጻፈበት አጥንት ዕድሜውንና አገሩን ለማወቅ አያስችልም፤ የማይታወቅ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ተቀብሎ፣ ጽፎ፣ በሥነ ሥርዓት ያስቀመጠው ስሙ ያልተነገረ ሠራተኛ ባይኖር ኖሮ፣ በኋላ የመጡት ሊቃውንት የሚመረምሩት ነገር ባላገኙም ነበር።

ስሙን የነጠቀው ትል

የእንስሳው የሳይንስ ስም «ሆሴፎአርቲጋሲያ ሞኔሲ» ይባላል። ስሙ አፍ የሚያስር ቢሆንም ታሪክ አለው። ሆሴ አርቲጋስ ከ1764 እስከ 1850 የኖሩ፣ ኡራጓዮች እንደ አገራቸው አባት የሚያከብሯቸው አርበኛ ናቸው። በ1966 ፍራንሲስና ሞኔስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ለዚህ እንስሳ የቅርብ ዘመድ ለሆነ ሌላ ታላቅ አይጥ «አርቲጋሲያ» የሚል የወገን ስም አውጥተውለት ነበር። ይሁን እንጂ በእንስሳት ስም አወጣጥ ሕግ መሠረት ሁለት የእንስሳት ወገኖች በአንድ ስም ሊጠሩ አይችሉም፤ ስሙ የሚጸናው አስቀድሞ ለተሰየመበት ነው። መዝገቡ ሲታይ «አርቲጋሲያ» የሚለው ስም በ1934 ለአንድ የትል ወገን ተሰጥቶ ተገኘ። ስለዚህ ታላቁ አይጥ ስሙን ለትል ለቀቀ። አልቫሮ ሞኔስም በ2007 የአርበኛውን የመጀመሪያ ስም ጨምረው «ሆሴፎአርቲጋሲያ» ብለው አደሱት። በቀጣዩ ዓመት የራስ ቅሉን ያጠኑት ሊቃውንት ደግሞ «ሞኔሲ» የሚለውን ያከሉበት እኒህን ሊቅ ለማክበር ነው።

መልኩና ኑሮው

ይህ እንስሳ የኖረው ከ4 ሚሊዮን እስከ 2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው ዘመን ነው። በሕይወት ካሉት ሁሉ የቅርብ ዘመዱ «ፓካራና» የሚባል ሲሆን፣ በአንዲስ ተራሮች ግርጌና በአካባቢው ባሉ ደኖች ይኖራል። ፓካራና ከ10 እስከ 15 ኪሎ የሚመዝን፣ ጀርባው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ዝግተኛና ጭምት እንስሳ ነው። የሚያስገርመው የሳይንስ ስሙ ነው፤ «ዲኖሚስ» ይባላል፣ ትርጓሜውም በግሪክ ቋንቋ «አስፈሪ አይጥ» ማለት ነው። ይህ ስም ለጭምቱ ፓካራና የወጣለት በ1873 ነበር። በእውነት ስሙ የሚገባው ዘመዱ ግን ያን ጊዜ ገና ከድንጋይ ውስጥ አልወጣም ነበር።

ታላቁ አይጥ ይኖርበት የነበረው ስፍራ ደን ያለበት፣ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ረግረጋማ አገር እንደ ነበረ ይገመታል። የመንጋጋ ጥርሶቹ ከራሱ ትልቅነት ጋር ሲመዛዘኑ ትንንሾች ናቸው። ስለዚህ ምግቡ ደረቅ ሣር ሳይሆን ለስላሳ ቅጠል፣ የውሃ ዳር ተክልና ፍራፍሬ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። የፊት ጥርሶቹ ግን እጅግ የሚያስደንቁ ናቸው። በ2015 በእንግሊዝ አገር የዮርክ ዩኒቨርስቲ መምህር ፊሊፕ ኮክስ ከሁለቱ የኡራጓይ ሊቃውንት ጋር ሆነው የራስ ቅሉን ቅርጽ ወደ ኮምፒውተር አስገብተው፣ ኃይል ሲያርፍበት የት የት ላይ እንደሚጨነቅ አሰሉ። መሐንዲሶች ድልድይ ከመሥራታቸው በፊት የሚጠቀሙበት ስሌት ይህ ነው። በዚህም መሠረት በፊት ጥርሱ ሲነክስ ኃይሉ 1,389 ኒውተን ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ይህም አንድ ኩንታል ከአርባ ኪሎ የሚመዝን ሸክም በአንድ ነጥብ ላይ እንደ ማሳረፍ ነው። ከዚህም ሌላ የፊት ጥርሱ የተሠራው ይህን ኃይል ብቻ ለመቻል አለመሆኑ ታወቀ፤ ከዚህ ሦስት እጅ የሚበልጥ ኃይል ቢያርፍበትም አይሰበርም።

እንግዲህ ሊነክስበት ከሚችለው ሦስት እጅ የሚጠነክር ጥርስ ለምን አስፈለገው? ተመራማሪዎቹ የሚሰጡት መልስ፣ ጥርሱ ከመብላት ሌላ ሥራ ነበረው የሚል ነው። ዝሆን በጥርሱ መሬት እንደሚቈፍርና እንደሚዋጋበት ሁሉ፣ ይህም አይጥ በአንገቱ ኃይል ጭምር እየገፋ ሥር ሳይቈፍርበት፣ ከጠላትም ሳይከላከልበት አልቀረም። ጠላት ደግሞ አልታጣም፤ በዚያ ዘመን በደቡብ አሜሪካ ክንፋቸው የማያበር ሥጋ በል ታላላቅ ወፎችና እንደ ጐራዴ የሾለ ክራንቻ ያላቸው አውሬዎች ይኖሩ ነበር።

የጃርት ዘመድ

በዚህ ላይ አንባቢዬ፣ «አይጥ ይህን ያህል ለመግዘፍ እንዴት ቻለ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ለመልሱ ወደ አፍሪካ መመለስ ያስፈልጋል። ደቡብ አሜሪካ በብዙ አሥር ሚሊዮን ለሚቈጠር ዓመት ከሌላው ምድር ተለይታ በውሃ የተከበበች ደሴት ነበረች። የነዚህ ታላላቅ አይጦች ቅድመ አያቶች ከ40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ ተነሥተው አትላንቲክን ተሻግረው እንደ ገቡ ብዙዎቹ ሊቃውንት ይስማማሉ። በጎርፍ ተነቅሎ ወደ ባሕር በሚወሰድ የዛፍና የቍጥቋጦ ክምር ላይ ተሳፍረው መሆን አለበት። ያን ጊዜ አትላንቲክ ከዛሬው የጠበበ ነበር።

ለዚህ ምስክር የሚሆን በአገራችንም አለ። እርሱም ማታ ማታ ወጥቶ የገበሬውን ድንች የሚያጠፋው ጃርት ነው። ጃርትና የደቡብ አሜሪካ አይጦች ከአንድ ታላቅ ቤተ ዘመድ ናቸው። የጃርትን የራስ ቅል አግኝቶ ከዓይኑ ጉድጓድ ፊት የሚመለከት ሰው አንድ ትልቅ ቀዳዳ ያያል፤ መንጋጋውን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ በዚያ ቀዳዳ በኩል ያልፋል። ፓካራናም እንዲህ ነው፤ በ53 ሳንቲ ሜትሩ የራስ ቅል ላይም ያው ይገኛል።

ባሕሩን የተሻገሩት ጥቂቶች የደረሱበት አገር ከብትም፣ አጋዘንም፣ ጉማሬም ያልነበረበት ነው። ስለዚህ በሌላው ዓለም እነዚህ እንስሳት የያዙትን ስፍራ በከፊል የአይጥ ወገን ያዘው። ሹም የሌለበት አገር ጭቃ ሹም ራስ ይሆናል እንደ ማለት ነው።

አጥንት እንዴት ይመዘናል?

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ እንመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጕዳይ እርሱ ነውና።

የሪንደርክኔክትና የብላንኮ አሠራር እንዲህ ነበረ። በሕይወት ያሉትን የደቡብ አሜሪካ የአይጥ ወገኖች ወሰዱ፤ የእያንዳንዱን የራስ ቅል ርዝመትና ስፋት ከገላው ክብደት ጋር አስተያዩ። ራሱ ይህን ያህል ሲረዝም ገላው ይህን ያህል ይመዝናል የሚል መስመር አገኙ። ከዚያም መስመሩን እስከ 53 ሳንቲ ሜትሩ የራስ ቅል ድረስ ዘረጉት። የተለያዩትን መለኪያዎች ሲያስተያዩ መካከለኛው ቁጥር 1,008 ኪሎ ሆነ። እንግዲህ እኔ በቡና ላይ የተኵራራሁበት ዐሥር ኩንታል ይህ ነው።

አሠራሩ አስተዋይ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው ይህ ነው፤ ዛሬ በሕይወት ካሉት የአይጥ ወገኖች ትልቁ ካፒባራ የሚባለው ሲሆን፣ እርሱም 60 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ መስመሩ ምሰሶ ያለው እስከ 60 ኪሎ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ እስከ 1,000 ኪሎ ያለው ምሰሶ በሌለበት ሜዳ የተዘረጋ ገመድ ነው። ከመነሻው ላይ ጥቂት የተዛነፈ ገመድ ከመጨረሻው ሲደርስ ብዙ ይዛነፋል። በዚያው በ2008 በካናዳ የሚሠሩት ቪርጂኒ ሚሊየን ይህንኑ ጠቅሰው፣ ክብደቱ ከተባለው ያነሰ መሆን አለበት ሲሉ በዚያው መጽሔት ላይ ተከራከሩ። የመጀመሪያዎቹም ሊቃውንት መልስ ሰጡ።

ሁለተኛው ችግር ይበልጥ የሚስብ ነው። የራስና የገላ መጠን በሁሉ እንስሳ አንድ ዓይነት አይደለም። አህያን እንውሰድ። አህያ ከገላዋ ይልቅ ራሷ ትልቅ ነው። ፈረስ እንጂ አህያ አይቶ የማያውቅ ሰው የአህያን ራስ ብቻ በግድግዳ ላይ ቢያይ፣ የገላዋን መጠን በፈረስ ልክ አድርጎ ይገምትና ይሳሳታል። ታላቁ አይጥስ ለገላው ራሱ የበዛ ቢሆን?

በ2022 ራስል ኤንግልማን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህንን ይዘው ተነሡ። የራስ ቅሉን ርዝመት ትተው የራስ ቅሉ ከአንገት አጥንት ጋር የሚጋጠምበትን ስፍራ ስፋት ለኩ። ምክንያታቸውም እንዲህ ነው፤ አፍንጫው ሊረዝም፣ ጥርሱ ሊገዝፍ ይችላል፤ መጋጠሚያው ግን ከገላው ክብደት ጋር ተስማምቶ ይሄዳል። ለማስተያያም የአይጥ ወገንን ብቻ ሳይሆን፣ ትንንሹንም ትልልቁንም ልዩ ልዩ አጥቢ እንስሳ ወሰዱ። ስለዚህ ገመዱ እስከ መጨረሻው ምሰሶ አገኘ። በዚህ ሚዛን የኡራጓዩ አይጥ 480 ኪሎ ያህል ሆነ።

በዚያው ሚዛን ሌላም ዝነኛ አይጥ ቀለለ። «ፎቤሮሚስ» የሚባለው በቬኔዙዌላ፣ ኡሩማኮ በሚባል ስፍራ የተገኘ ሲሆን፣ የኖረውም ከ8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በ2003 ለዓለም ሲገለጥ 700 ኪሎ ያህል ይመዝናል ተብሎ ነበር፤ በኤንግልማን ስሌት ግን ከ108 እስከ 200 ኪሎ ሆኖ ተገኘ።

የማን ስሕተት ነው?

እንግዲህ ዐሥሩ ኩንታል አምስት ኩንታል እንኳ ሳይሞላ ቀረ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጀመሪያ የተሰማኝ ቁጣ ነው፤ ሊቃውንቱ በሰው ፊት አዋረዱኝ ብዬ። ነገር ግን ፍርድ ከመስጠቴ በፊት የ2008ቱን ጥናት እንደ ገና አወጣሁትና አነበብሁት። በዚያ ላይ ያገኘሁት ነገር ቁጣዬን ወደ ራሴ መለሰው።

ሪንደርክኔክትና ብላንኮ «ዐሥር ኩንታል ነው» ብለው አልቈረጡም። የጻፉት፣ ግምቱ ከ468 እስከ 2,586 ኪሎ ይደርሳል፤ መካከለኛው 1,008 ነው ብለው ነበር። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ በሌላ ሚዛን የተገኘው 480 በመጀመሪያው ግምት ውስጥ፣ ከታችኛው ጫፍ አጠገብ፣ ተቀምጦ ነበር። እነርሱ ሁለቱንም ጫፍ በሐቅ ጽፈዋል። ከመካከል አንዱን ቁጥር መርጦ፣ ሌላውን ጥሎ፣ ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት ያዞረው ወሬ አቀባዩ ነው። ከወሬ አቀባዮቹም አንዱ እኔ ነበርሁ።

ይህ ነገር በአይጥ ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ የእሑድ ጽሑፍ ባላደረግሁት ነበር። ተማሪ ለፈተና ሲያጠና ቁጥሩን ይዞ አገኛኘቱን ይተዋል። ወጣት ሹም ለአለቃው ሪፖርት ሲያዘጋጅ «ከዚህ እስከዚህ ይሆናል» የሚለው የባለሙያ ግምት ደካማ መስሎ ስለሚታየው፣ ሁለቱን ጫፍ ሰርዞ አንድ ቁጥር ብቻ ይጽፋል። ቁጥሩም በየጠረጴዛው እየተላለፈ፣ እየተፈረመበትና ማኅተም እያረፈበት ሲሄድ፣ ግምት መሆኑ ይረሳና እውነት ይሆናል። በዚያ ቁጥር ላይ መጋዘን ሊሠራበት፣ በጀት ሊያዝበት ይችላል። የአይጡ ክብደት በግማሽ ቢጐድል ማንም አይራብም፤ የእህል ግምት በግማሽ ቢጐድል ግን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

በሌላም በኩል ወጣቶች ከዚህ ታሪክ ሊማሩት የሚገባ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። አንዱ ሊቅ የሌላውን ቁጥር ሲነቅፍ የሌላውን ስም አላጐደፈም፤ የተነቀፈውም ሚዛኑን አልደበቀም። የራስ ቅሉ መለኪያ ለሁሉ የተገለጠ ስለ ነበረ፣ አገሩን ያላዩ ሰዎች እንኳ እንደ ገና ለመመዘን ችለዋል። አይጡም ክብሩን አላጣም። በ480 ኪሎም ቢሆን እስከ ዛሬ ከታወቁት የአይጥ ወገኖች ሁሉ ትልቁ እርሱ ነው፤ ከደለበ ሰንጋ ጋር የሚስተካከል አይጥ ነውና፣ አልጋ ሥር የሚገባ አይደለም።

ባለፈው እሑድ ወደ ጋሼ ዘንድ ተመልሼ ሄጄ ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። ስለ አንገቱ መጋጠሚያ ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው፤ የራሳቸውን ማጅራት በእጃቸው እየዳሰሱ አዳመጡኝ። በመጨረሻም፣

«አየህ» አሉኝ፤ «እኔ ከመጋዘኑ ሳለሁ አንድ ጊዜ ሚዛኑ ተበላሽቶ ኖሮ፣ ባለሙያ መጥቶ ቢያስተካክለው እህሉ ጐደለ ተብሎ ጩኸት ሆነ። እህሉ ግን አንዲት ፍሬም አልጐደለም፤ ከጆንያው ውስጥ እንዳለ ነበር። የጐደለው እኛ የጻፍነው ነው።»

ከዚህ በኋላ ስለ ታላቁ አይጥ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ አምስት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል እለዋለሁ። ቀጥዬም በየትኛው ሚዛን እንደ ተመዘነ እነግረዋለሁ።